ሁለት ድምፅ ሲገናኝ

ድምፅ በድምፅ ላይ ተደምሮ ዝምታ ይሆናል ቢሏችሁ ታምናላችሁን? እኔ አላምንም ነበር። ባለማመኔም አንድ ልጅ በድያለሁ።

የእንጭኒን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አስተማሪ ቢጮህ አይሰማም። ስለዚህ ቁርኣን በምናስቀራበት ክፍል ትይዩ በሆኑት ግድግዳዎች ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ ሰቀልን። ገመዱን ያገናኘሁት እኔው ነኝ።

ከመሐል የሚቀመጥ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ጎበዙ ልጅ ከዚያ ወዲህ ቃል ይዘል፣ ፊደል ይስት ጀመር። «ኡስታዝ፣ አይሰማኝም» ሲለኝ «ከግራም ከቀኝም እየተነገረህ?» ብዬ ተቆጣሁት። እናቱን አስጠርቼ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ጆሮውን አስመረመሩት፤ ደህና ነው ተባለ። እንግዲያው ስንፍና ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቀን የአንደኛው ማጉያ ገመድ ተበጠሰ። ልጁ ቀና ብሎ «አሁን ተሰማኝ!» አለ። አንዱ ሲጠፋ እንዴት ይብስ ይሰማል? ገመዱን አስቀጥዬ እሱ ቦታ ተቀመጥኩ። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሳሳ። ስንዝር ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ስል ደመቀ።

ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጄ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። ለካስ የአንዱን ማጉያ ቀይና ጥቁር ገመድ አለዋውጬዋለሁ። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ትክክለኛው መሐል ላይ መግፋትና መሳብ ይጣፋሉ፣ ከግድግዳ የሚነጥረው ብቻ ይቀራል። እኩል ሞገዶች ከትይዩ መጥተው ሲገናኙ ቋሚ ሞገድ ይሠራሉ፤ የሚደምቅበትና ጸጥ የሚልበት ቦታ ይለያል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሴኮንድ 340 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሞገዱ 1 ሜትር ነው፤ ጸጥታውም በየግማሽ ሜትሩ ይገኛል። ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ የየራሱ ርቀት አለው። ገመዱ ሲለዋወጥ ግን መሐሉ ለሁሉም ጸጥታ ነው።

ሌሎቹ ልጆች ግን ለምን ሰሙ? የባስራው ተወላጅ ኢብኑል ሀይሠም፣ በ965 እ.ኤ.አ. የተወለደው፣ «ኪታቡል መናዚር» በተባለው መጽሐፉ ብዙ መብራቶችን በአንዲት ቀዳዳ ፊት ደርድሮ ነበር። ብርሃናቸው በአንድ ቀዳዳ አልፎ ግድግዳው ላይ ለየብቻ አረፈ፤ አንዱን መብራት ሲከልል የጠፋው የዚያው ብርሃን ብቻ ነው። ድምፅም እንዲሁ ነው። ሞገዶቹ በተገናኙበት ይደመራሉ ወይም ይጣፋሉ፣ ከዚያ እንዳልተነካ ሰው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ልጁ ዘንድ የጠፋው ድምፅ ግድግዳው ሥር ለተቀመጡት ሙሉ ሆኖ ይደርስ ነበር። የሚመሰክርለትም ያጣው በዚህ ነው።

ገመዱን ማስተካከል 2 ደቂቃ አልፈጀም። ወደ ልጁ ቤት ለመሄድ 3 ቀን ፈጀብኝ። እናቱ ቡና እያፈሉ እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ኡስታዝ» አሉኝ፣ «እሱ እኮ ነግሮዎት ነበር።»