ከአዳማ እስከ ዝዋይ በቢስክሌት

ከአዳማ ወደ ዝዋይ በአውቶሞቢል የሄደ ሰው ብዙ ነው፤ መንገዱን ያየው ግን ጥቂት ነው። በአውቶሞቢል የተሳፈረ ሰው ከሞጆ በኋላ ጥቂት ቢያንቀላፋ ቆቃንም ዓለም ጤናንም መቂንም ሳያይ ዝዋይ ሲደርስ ይነቃል። በእግሩ የሚሄድ ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን ካሰበው ሳይደርስ ፀሐይ ትጠልቅበታለች። ቢስክሌት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ዓይንም ያያል፥ ቀንም ይበቃል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ባለው አንድ ቅዳሜና እሑድ ሰባት ሆነን ሄደን የተመለስንበትን መንገድ፥ በመንገዱም የሆነውን ነገር፥ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች እንጽፋለን።

ከሰባታችን አንዱ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንዱ የትምህርት ቤት መምህር፥ አንዱ የቢስክሌት ጠጋኝ፥ ሁለቱ የገበያ ነጋዴዎች ናቸው። ሰባተኛዪቱ የ17 ዓመት ተማሪ ናት። እሽቅድምድም የሚወድ ሰው ከእኛ ጋር አይስማማም፤ ልማዳችን አብሮ ወጥቶ አብሮ መግባት ነውና።

የልጅቱ እናት ይህን ጕዞ አስቀድመው አልፈቀዱም ነበር። ያሰቡት ሦስት ነገር ነው፤ የከባድ መኪናውን አደጋ፥ የቈላውን ፀሐይና የሰውን አፍ። ከሦስቱም የከበደባቸው የመጨረሻው ነበረ፤ ይኸውም በሰፈሩ «ሴት ልጅ በቢስክሌት አገር ለአገር ትዞራለች» የሚል ቃል ተነሥቶ ስለ ነበረ ነው። በመጨረሻ ጋሼን አስቀምጠው እንዲህ አሏቸው። «ወንድሜ፥ ልጄን በአደራ ሰጠሁዎ። እሑድ ከ11 ሰዓት በፊት በገዛ እግሯ እየነዳች ከደጄ ከደረሰች፥ ለሚያወራው ሰው መልስ አገኘሁ ማለት ነው፤ ሌላ ጊዜም ትሂድ። በሰው መኪና ተጭና ከመጣች ግን ቢስክሌቱን እሸጠዋለሁ።» ጋሼም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሉ።

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፥ በኰረብቶች የተከበበች እንደ ገበቴ ያለች ከተማ ናት። ስሟን ብዙዎች አዳሚ ከሚባለው፥ ወተት ከሚያወጣው የቍልቋል ዛፍ ያመጡታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በወንጌል ስም ናዝሬት ብለዋት ስለ ነበር እስከ ዛሬ ሽማግሌዎች በዚሁ ይጠሯታል። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በዚህ አልፎ ስለ ሄደ ከተማዪቱ ከሐዲዱ ጋር አደገች። ዛሬ ግን መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው ሐዲዱን አይደለም፤ በኰረብታው ላይ የተተከሉትን ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች ነው። በሁለት ጊዜ ሥራ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ 136 ተተክለው በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሰጡ ሆነዋል። መሐንዲሶች ይህን ቦታ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋው ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሣው ነፋስ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል፤ ከአዳማ ወደ ዝዋይ የሚወስደው መንገድም አቅጣጫው ይኸው ነው። እንግዲህ በበጋ ወደ ዝዋይ የሚሄድ ቢስክሌተኛ ነፋሱ ጀርባውን ይገፋዋል፤ ሲመለስ ግን ያው ነፋስ ፊቱን ይመታዋል።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተን በአሮጌው መንገድ ወደ ሞጆ ወጣን። አዲስ አበባን ከአዳማ የሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቋል፤ ቢስክሌትና እግረኛ ግን አይገቡበትም። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ በደል ሲቈጥሩት ሰምተናል። እኛ ግን እናመሰግናለን፤ ችኵሉ መኪና ገንዘቡን ከፍሎ ወደዚያ ስለ ዞረ አሮጌው መንገድ ለጋሪና ለአህያ፥ ለእኛም ቀለል ብሎልናል። ቢሆንም ፈጽሞ አይታመንም። የከባድ መኪና ድምፅ ከኋላ ሲሰማ የመጨረሻው ሰው «መኪና!» ብሎ ይጮኻል፤ ሁላችንም በአንድ መስመር ቀኝ ዳር እንይዛለን። የራስ ቁር ያላደረገ ሰው ከእኛ ጋር አይወጣም።

ሞጆ የመንገድ መስቀለኛ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በደረቅ ወደቧ ይራገፋል፤ የደቡቡም መንገድ ከዚህ ይገነጠላል። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ከከተማዪቱ በፊት ተቀበለን። ሻይና ፓስቲ ቀምሰን ወደ ግራ ታጠፍን። ሞጆ ከፍታዋ 1,800 ሜትር፥ ቆቃ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ቍልቍለቱ ለስላሳ ነው። ቍልቍለቱና ነፋሱ በአንድነት ሲገፉን ፔዳሉን የረገጥን አይመስለንም ነበር። ወጣቱ ነጋዴ እየዘፈነ ቀደመን። ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ሰው ሁሉ የራሱ ጕልበት ይመስለዋል፤ ጋሼ ግን ፈገግ ብለው «ነገ እናያለን» ከማለት በቀር አልተናገሩም።

በቆቃ ድልድይ አጠገብ ቆመን ውኃውን አየን። አዋሽን የገደበው ግድብ የተሠራው ጣልያን ለጦርነቱ ካሳ በከፈለችው ገንዘብ ሲሆን በ1952 ዓ.ም. ተመርቋል። ውኃውም ገሊላ ተብሎ ነበር። ናዝሬትና ገሊላ ጎን ለጎን መሆናቸውን ወንጌል ያነበበ ሁሉ ያስተውላል፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች አንዲቱ ገሊላ ትባል ነበርና ስሙ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። በዳሩ እንቦጭ የሚባለው አረም እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፏል። ዓሣ ሻጮች ልጆች ዓሣውን በገመድ ሰክተው እያንጠለጠሉ መጡብን፤ እኛም «አካም ቡልተን» ብለን ሰላምታ ሰጠናቸው እንጂ አልገዛንም፤ በቢስክሌት ላይ ዓሣ የት ይጫናል?

ከዓለም ጤና ወዲህ ያለው ሜዳ ግራር የተበተነበት ነው። በዚያ የመምህሩን ጎማ እሾህ ወጋው። ጠጋኙ ካላማዳሪያውን አውጥቶ በማስቲሽ ሲለጥፍ ሳለ አንድ ነገር አስተዋልን። ጎማ፥ ፍሬን፥ ካቴና፥ ማርሽ፥ ካላማዳሪያ፥ ማስቲሽ፥ ፖምፓ የምንላቸው ሁሉ የጣልያን ቃሎች ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመት ተባረረ፤ ቃሎቹ ግን በጎሚስታው ሱቅ እስከ ዛሬ ተቀምጠዋል። መቂ ስንደርስ ቀይ ሽንኵርትና ቲማቲም በየመንገዱ ዳር በክምር ይሸጥ ነበር፤ የጋሪ ፈረሶችም በጥላ ሥር ቆመዋል። ምሳችንን በልተን ሳንደክም በ9 ሰዓት ዝዋይ ገባን። የዛሬ ስሟ ባቱ ነው። በጠቅላላው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጕዘን ነበር።

ዝዋይ ሐይቅ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። በዓሣ አስጋሪዎቹ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ወፎች እንደ ሸንጎ ሽማግሌዎች ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። እኛም ቆሮሶ አስጠብሰን በላን። ማዶ ከሚታዩት ደሴቶች ታላቂቱ ቱሉ ጉዶ ናት፤ በእርስዋም የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ በዚህ ተሸሽጋለች። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ ቋንቋቸው ለስልጤና ለሐረሪ ቋንቋ የቀረበ ነው። በባሕር መካከል ለብዙ መቶ ዓመት ሃይማኖትንና ቋንቋን መጠበቅ ቀላል ነገር አለመሆኑን እያሰብን በጊዜ ተኛን።

እሑድ ኪዳን አድርሰን 2 ሰዓት ላይ ተነሣን። እስከ መቂ ነፋሱ ገና አልነቃም ነበር። 4 ሰዓት ሲሆን ግን ነቃ፤ አቧራውንም ፊታችን ላይ በተነ። ትናንት ሲዘፍን የነበረው ነጋዴ ዝም አለ። እዚህ ላይ በነፋስ ውስጥ አካሄድ እንዴት እንደ ሆነ ላላዩት መግለጽ ይገባናል። በሜዳ ላይ ቢስክሌተኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው አየሩን መግፋት ነው። የፊተኛው ሰው አየሩን ሲከፍት ከኋላው አንድ ክንድ ያህል ርቆ የሚከተለው ሰው ከድካሙ ሩብ ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ይቀንስለታል። ስለዚህ ፊተኛው ጥቂት ደቂቃ ይመራና ወደ ዳር ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ይተካል። የገበሬ ደቦ እንደ ማለት ነው። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ በሰያፍ መሰለፍ ይሻላል፤ ነገር ግን ይህ መንገዱን ስለሚይዝ መኪና በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ከቶ አይደረግም።

ቆቃ ስንደርስ 7 ሰዓት ተኩል ሆነ። ልጅቱ ከንፈሯ ደርቆ፥ እግሯ ሲንቀጠቀጥ አየን። የቀረው ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እርሱም ዳገትና ነፋስ ነው። በዚያን ጊዜ ወጣቱ ነጋዴ ቀስ ብሎ አንድ ምክር አቀረበ። «እስከ ሞጆ በሚኒባስ ትሂድ፤ ከአዳማ መግቢያ ላይ እንጠብቃታለንና በቢስክሌቷ ትገባለች። ማን ያያል?» አለ። በክፋት አልተናገረም፤ አዝኖላት ነው። ጋሼም መልስ ሳይሰጡ ወደ ልጅቱ ተመለከቱ። እርስዋም «እናቴ ባታይም እኔ አውቀዋለሁ፤ ጋሼ፥ ልሞክር» አለች። ጋሼም «ልጄ፥ ብትደክሚ አፍሬ አልሸሽግም፤ ለእናትሽ እውነቱን እነግራለሁ፤ ቢስክሌቱም ቢሸጥ ይሸጣል። አሁን ግን ውኃ ጠጪ» አሏት።

ከዚያ አሰላለፋችንን ለወጥን። አራቱ ብርቱዎች ብቻ በፊት እየተፈራረቁ እንዲመሩ፥ ልጅቱ ሁልጊዜ ሦስተኛ ሆና እንድትከተል ተስማማን። እርስዋ ግን ተጠራጠረች። «ይህስ መጫን አይደለምን?» ብላ መምህሩን ጠየቀች። መምህሩም መለሰላት፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ስትሄድ በሜልቦርን ከተማ ከሯጮቿ ጋር ቢስክሌተኞችም እንደ ተሰለፉ፥ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ እንደ ነበረ ነገራት። ደግሞም ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሆኖ በገባበት በቱር ደ ፍራንስ፥ ለመሪያቸው ነፋስ መመከት ብቻ ሥራቸው የሆነ ሰዎች በየቡድኑ እንዳሉ፥ ይህም ነውር ሳይሆን የጨዋታው ሕግ እንደ ሆነ አስረዳት። «ፔዳሉን የሚረግጥልሽ ሰው የለም» ሲል ጨረሰ።

እውነትም ወደ ሞጆ የሚወስደው ዳገት ሲጀምር ይህ ተገለጠ። በዳገት ላይ ፍጥነት ስለሚቀንስ ከሰው ኋላ መሸሸግ ጥቂት ብቻ ይረዳል፤ ክብደቱን እያንዳንዱ በራሱ እግር ያወጣል። ማርሿን አሳንሳ፥ ዓይኗን ከፊቷ ካለው ጎማ ሳታነሣ ወጣች። ሁለት ጊዜ ቆመን አስተነፈስናት። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር መስኮቱን ከፍቶ «ላሳፍራት?» ቢል፥ እጇን አወዛውዛ አመሰገነችው። ሞጆ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ገባን። ሙዝና ስኳር የበዛበት ሻይ ከቀመሰች በኋላ ፊቷ ተመለሰ።

ከሞጆ በኋላ ያለውን መንገድ ነጋዴው ብዙውን እርሱ መራ፤ ምክሩን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እርሱም አላነሣው። መዘውሮቹ ከሩቅ ሲታዩ ልጅቱ «አንድ ጊዜ እኔም ልምራ» አለች። ጋሼ ፈቀዱላት። የመራችው አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ሁላችንም ግን ከኋላዋ ተሸሽገን ሄድን።

ከደጃፋቸው የደረስነው 10 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። እናቲቱ በበሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከማዶ ያሉት ጎረቤቶችም እንዲሁ። ልጃቸውን ከመሳማቸው አስቀድሞ ለጋሼ እጅ ነሡ፤ ከዚያም ቡና አፈሉልን። ጠጋኙ ቡናው እስኪደርስ ቢስክሌቱን ገልብጦ ካቴናውን ሲመለከት ሳለ «መላላቱን አላያችሁምን? ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት አይቈይም» አለ። እናቲቱም ከጀበናው ቀና ብለው፥ «አዲሱ ስንት ያወጣል?» ብለው ጠየቁት።