ጨው፣ አሲድ እና የጀሪካን ውሃ

የሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሠራር ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ነው። ደረቅ ጨው ላይ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመር ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሲዱ ተገኘ ማለት ነው። ማጂ ኬሚስትሪ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህን በቃላቸው ይሉት ነበር። አንዷ ታዲያ "ቲቸር፣ ጨው ሱቅ ሞልቷል፣ ሰልፈሪክ አሲዱም ስቶር አለ፤ ለምን ራሳችን አንሠራውም?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርቱ በሳተላይት ወደ ፕላዝማ ሲገባ፣ ብዙ ሙከራ በስክሪን የሚታይ ነገር ሆኖ ቀረ። የሌላ ሰው እጅ ሲያፈስ አይተን አለፍን። አሲድን በስም ብቻ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ወይ ከልክ በላይ ይፈራዋል፣ ወይ ይንቀዋል።

ግን ቀመሩ የማይናገረው ብዙ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጣሪያ ሄዶ አይጠፋም፤ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ጉም ይሆናል። ዓይን፣ አፍንጫና ጉሮሮ ደግሞ እርጥብ ናቸው፤ እዚያው አሲድ ይሆንባቸዋል። ማጂ ደጋ ናት። በክረምት ደመናው መስኮት ድረስ ይወርዳል፣ እኛም ለብርዱ ብለን እንዘጋለን። ለዚህ ጋዝ ከተዘጋ ክፍል የባሰ ቦታ የለም።

ሌላም አለ። ጋዙ ውሃ ውስጥ ለመሟሟት አይዘገይም። ቱቦውን በቀጥታ ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ይሳባል፤ ትኩሱ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ሲደርስም ፈልቶ ይረጫል። መጽሐፉ ላይ አፉ ተደፍቶ ውሃውን ነካ ብቻ የሚያደርገው ፈነል የተሳለው ለዚህ ነው። ልጆቹ ስዕሉን ለፈተና አሳምረው ይስሉታል፤ ለምን እንደተደፋ ግን የሚጠይቃቸው የለም።

ዋናው ጣጣ ግን ውሃ ነው። ዓይን ውስጥ አሲድ ቢረጭ ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ መታጠብ አለበት። ክፍላችን ቧንቧ አልነበረውም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተን፣ ግቢው ውስጥ እያፈሰስን በስልክ ሰዓት ያዝን። 5 ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ለአንድ ልጅ ዓይን ብቻ ከሦስት ጀሪካን በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። ክፍሉ ዝም አለ።

ስለዚህ ጋዙን አላወጣንም። ስቶር ከነበረው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥቂቱን ደጅ ላይ እኔው በረዝኩት፤ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ይገባል፣ ውሃው ወደ አሲዱ በጭራሽ አይገባም። ከዚያ የእንቁላል ቅርፊት ጣል ስናደርግበት አረፋ ደፈቀ። ሰማያዊው ሊትመስ ቀላ። ልጆቹ ራቅ ብለው፣ ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው አዩት።

በዚያው ስለ በረኪና አወራን። አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ቤት ውስጥ ሽንት ቤት የሚያጥቡት እነሱ ናቸውና ከዚያ ቀን ትምህርት የበለጠ የያዙት ይህንን ይመስለኛል።

ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ዕቃ የምታሰባስቡ ካላችሁ፣ ከአሲዱ ጠርሙስ በፊት ሮቶ፣ ቧንቧና የዓይን መከላከያ መነጽር ግዙለት። ጨው ማጂም አለ።