ወደብ ያጣው መርከብ

«ባሕር የለን፤ ስለ ባሕር ዓሣ ምን አገባን?» ይሉናል ወዳጆቻችን። እውነታቸውን ነው። እኛ የከተማ ልጆች ከዓሣ ጋር የምንገናኘው በጾም ነው። ያኔም «ዓሣ ያስገድፋል፣ አያስገድፍም» ስንባባል ኮተሌቱ ይቀዘቅዛል። ዛሬ ግን ስለ አንድ መርከብ እናውጋችሁ።

ስሙ ፕሪሚየር ነው፤ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ንብረት የሆነ ቱና አጥማጅ። ምዕራብ አፍሪካ፣ ላይቤሪያ ባሕር ላይ ያለ ፈቃድ አጥምዷል ተብሎ ተከሰሰና ወደ ህንድ ውቅያኖስ መጣ። ድሮ ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ሞንሮቪያ የተደረገውን የሞምባሳ ሹም ከየት ያውቃል? የሕገ ወጥ አጥማጅ ትልቁ ሀብቱ መረቡ አይደለም፤ የመንግሥታት አለመነጋገር ነው።

በፈረንጆቹ 2012 መጨረሻ ግን ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክ፣ ሲሸልስና ኮሞሮስ «ፊሽ-አይ አፍሪካ» የሚባል ኅብረት ፈጠሩ። ማዳጋስካር፣ ሞሪሸስና ሶማሊያ ኋላ ተቀላቀሉ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር፦ የትኛው መርከብ ፈቃድ እንዳለው፣ የት እንደሚንቀሳቀስ፣ ምን እንዳጠፋ ቶሎ ቶሎ መነጋገር። ፕሪሚየር ከላይቤሪያ ነፃ ተብያለሁ የሚል ደብዳቤ ይዞ ቀረበ። ላይቤሪያ ስትጠየቅ ደብዳቤው ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። አንዱ አገር ፈቃድ ሲነፍገው ወደ ሌላው ሄደ፤ እዚያም ወሬው ቀድሞት ደርሷል። በ2013 ባለቤቶቹ ከላይቤሪያ ጋር ተስማምተው 1 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ።

እኛን ያስቀናን ይሄ ነው። ምክንያቱም ባሕር ባይኖረንም ከኬንያ ጋር የምንጋራው ውሃ አለን፤ ኦሞ የሚገባበት ቱርካና ሐይቅ። ውሃ ላይ የድንበር መስመር አይታይም፤ ዓሣውም ኬላ አያውቅም። የደሰነችና የቱርካና ዓሣ አጥማጆች ግን በመረብና በማጥመጃ ቦታ ይጣላሉ። በፈረንጆቹ የካቲት 2025 ቶዶንያንግ አካባቢ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ሰዎች ተገድለዋል። እዚያ «ሕገ ወጥ» ማን እንደሆነ ሁለቱ አገሮች አብረው ካልወሰኑ፣ የሚወስነው ጠመንጃ የያዘው ነው።

ለዚህ የጦር ጀልባ አያስፈልግም። የተፈቀደላቸው ጀልባዎች አንድ የጋራ መዝገብ ይኑራቸው። ኦሞራቴ ያለው የዓሣ ባለሙያ ሎድዋር ያለውን የሙያ አጋሩን ደውሎ ያግኘው። ጀልባ መቁጠር ሬሳ ከመቁጠር ይቀላል።