ስለ ጋሸና ሩጫና በመንገድ ስለ ፈሰሰው ዱቄት

ሰው ለጨዋታ ወጥቶ ሳያስበው ትምህርት ይዞ የሚመለስበት ጊዜ አለ። እኛም በ2011 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ላስታ በሄድን ጊዜ የደረሰብንን እንነግራችኋለን።

አስቀድመን ጨዋታው ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ዓመት፥ በማላያ አገር በኳላ ሉምፑር ከተማ፥ ጊስፐርት የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ከእንግሊዝ ጓደኞቹ ጋራ ሆኖ አንድ የሩጫ ማኅበር አቆመ። ስሙንም ሀሽ አሉት፤ ይህም ይመገቡበት ለነበረው ቤት በቀልድ ካወጡለት ስም የመጣ ነው። መሥራቹ በ1942 ዓመት በሲንጋፖር በጦርነት ሞተ፤ ጨዋታው ግን ከጦርነቱ በኋላ እንደ ገና ተነሥቶ በብዙ አገር ተሠራጨ፤ እስከ አዲስ አበባም ደረሰ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ጥንቸል ተብለው አስቀድመው ይሄዱና ዱቄት ወይም ኖራ ዕፍኝ ዕፍኝ እየጣሉ ምልክት ያኖራሉ። የቀሩት ያንን እየተከተሉ ይሮጣሉ። ዳሩ ግን ምልክቱ በየመንታ መንገዱ ይቋረጣል፤ አንዳንዱም ሐሰተኛ ሆኖ መውጫ ወደሌለው ቦታ ያደርሳል። ቀድሞ የደረሰው ብርቱ እውነተኛውን መንገድ ሲፈልግ በኋላ የቀረው ደካማ ይደርስበታል። ስለዚህ ሽማግሌውም ጎልማሳውም በአንድነት ይገባሉ። ሽልማት የለውም፤ ፍጻሜው ክብ ሠርቶ መጠጣትና ያጠፋውን በአንድ ዋንጫ መጠጥ መቅጣት ነው። ፈረንጆች ተከታዮቹን ውሾች ይሏቸዋል፤ ይህ ስም ግን በአገራችን ለጨዋ ሰው የሚነገር ስላይደለ እኛ አሳዳጆች ተባልን።

ከወልድያ ተነሥተን የድልብን አቀበት ወጥተን ጋሸና ገባን። ጋሸና የመንገድ መገናኛ ናት፤ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያልፈው መንገድና ወደ ሰሜን ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ በዚያ ይለያያሉ። ከእርሷ እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታዋ ወደ 3000 ሜትር ስለሚጠጋ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ የቆላ ሰው ጥቂት ቢሮጥ ትንፋሹ ያጥረዋል። በዚያን ጊዜ ገብሱ ቢጫ መልክ ይዞ ነበር። አፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓመተ ምሕረት ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ በደብረ ዘቢጥና በቤተ ሖር አልፈው ይህንኑ ደጋ አቋርጠዋል። ያ ሠራዊት ዓለት እየፈነቀለ ጥርጊያ ያወጣበትን አገር እኛ ለጨዋታ ልንሮጥበት መጣን።

ቁጥራችን አሥራ አራት ነበር፤ ታናሻችን የአሥር ዓመት ልጅ፥ ታላቃችንም ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ሁለቱ ጥንቸሎች ከአዲስ አበባ ያመጣነውን አንድ ስልቻ ዱቄት ይዘው ወጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እኛ ተከተልን። በእርሻው ድንበር፥ በጅረቱ ዳር፥ በድንጋይ ካቡ ሥር ነጩን ምልክት እያየን ሮጥን። አንድ ጊዜ ሐሰተኛው ምልክት ከገደል አፍ አደረሰንና እየሳቅን ተመለስን። ከኋላችን የሰው ድምፅ ሰምተን ነበር፤ ነገር ግን እረኛ ነው ብለን ዘወር አላልንም።

ፍጻሜው በአንድ ጠላ ቤት ደጅ ነበር፤ ከበሩ በላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተሰቅሎበታል። ተቀምጠን ትንፋሻችን ሳይመለስ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው በሩጫ መጡ። አጠገባችን ሲደርሱ ቋጠሮውን ፈትተው አሳዩን፤ ከላይ ከላዩ አፈር እንዳይነካው ተጠንቅቀው ያፈሡት ዱቄት ነበር።

«ልጆቼ፥ ስልቻችሁ ተቀድዶ ዱቄታችሁ በየመንገዱ ይፈስሳል፤ ብጠራችሁ ብጠራችሁ አልሰማችሁኝም» አሉን።

የሐሰቱንም የእውነቱንም ምልክት አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው፥ ማንም ሳያስተምራቸው ከሁላችን ይልቅ የተካኑ አሳዳጅ ሆነው ተገኙ። ከእኛ አንዱ ሆን ብለን ያፈሰስነው ለጨዋታ ነው ብሎ ቢነግራቸው፥ የቀለደ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እውነት መሆኑን ባወቁ ጊዜ ግን ቋጠሮውን ቁልቁል አዩና፥ «በ77 ልጅ አዝዬ ወደ ቆረም ስወርድ ይህን ታህል ዱቄት አግኝቼ ቢሆን…» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

በማኅበሩ ልማድ የቅጣት ሰዓት ደረሰ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆናችን ስለሚታወቅ ዳኛ አደረጉን። ጥንቸሎቹ በሌላው አገር ሁሉ የተለመደ ነው ብለው ተከራከሩ። እኛ ግን የአንዱ አገር ልማድ በሌላው አገር ኀዘን የሚያነሣሣ ሲሆን መከላከያ አይሆንም ብለን ፈረድን። ዱቄቱን ከአዲስ አበባ ገበያ በገንዘባችን የገዛን እኛው ራሳችን ስለ ነበርን፥ የመጀመሪያው ቅጣት በእኛ ላይ ሆነ፤ ዋንጫውንም ቆመን ጠጣን።

የተረፈውን ዱቄት ለእኒያ እናት ብንሰጣቸው ወደ ቤታቸው አልወሰዱትም። ከባለ ጠላ ቤቷ ምጣድ ለምነው ቂጣ ጋግረው ለሁላችን አቆራረሱልን። ጠላው የገብስ ነበረ፤ ቤተ ሰብ ይዘው ለሚሄዱ አንባቢዎቻችን የምንመክረው፥ በእንደዚህ ያለ ደጋ ላይ አስቀድመው ውኃ ጠጥተው እህል ቀምሰው ከዚያ በኋላ በልክ እንዲጠጡ ነው። መኪና የሚነዳው አልጠጣም፤ ልጁም በሶ በጥብጠውለት ያን ጠጣ።

በማግሥቱ ደግሞ ለመሮጥ ባሰብን ጊዜ በምን ምልክት እናድርግ ብለን እኒያኑ እናት ጠየቅናቸው። ከምድጃው አንድ ቁና አመድ ዝቀው ሰጡንና፥ «ዱቄት ለምጣድ፥ አመድ ለመንገድ» አሉ። አመዱም በጥቁሩ አፈር ላይ እንደ ዱቄቱ ይታይ ነበር፤ ጨዋታውም ከፊተኛው ምንም አልጎደለበትም።

ከዚያ ወዲህ በ2013 እና በ2014 ዓመተ ምሕረት በሆነው ጦርነት ጋሸና ብርቱ ውጊያ የተደረገባት ስፍራ ሆነች፤ በዙሪያዋም ምሽግ ተቆፈረ። ወሬውን በሰማን ጊዜ አስቀድመው ትዝ ያሉን እኒያ እናት ነበሩ፤ የእንግዳ ስልቻ ተቀደደ ብለው በዚያ አቀበት የሮጡ ሰው ያን ጊዜ ወዴት ሮጠው ይሆን ብለን አዘንን።

እንግዲህ ወደ ሰው አገር ለደስታ የምንሄድ ሁሉ፥ ከመጀመራችን በፊት በዚያ አገር የከበረው ምን እንደ ሆነ፥ የሚጣለውም ምን እንደ ሆነ ባለ አገሩን ብንጠይቅ መልካም ነው። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሩጫ ስንወጣ ዱቄት አንገዛም፤ በደረስንበት ደጅ ቆመን አመድ እንለምናለን።