አሮጌው የሞተር መጋዝ

አባቴ ከሐይቅ እስከ አምባሰል እየተዘዋወሩ የባሕር ዛፍ በመቍረጥ ያስተዳድሩናል። ባለፈው ክረምት አንዲት ጊደር ሽጠው ከደሴ አሮጌ የሞተር መጋዝ ገዙ። መጋዙ ግን ተነሥቶ ቤንዚን ሲሰጡት ወዲያው ይጠፋል። እናቴም፤ «ጊደሪቱ ብትኖር ትወልድልን ነበር» አለች። አባቴ ዝም አሉ።

እኔም ልሞክረው ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሞተሩ ሳይታሰብ ተነሥቶ እጄን እንዳይቈርጠኝ አስቀድሜ ካንዴላውን ነቀልሁ። የአየር ማጣሪያውን በሳሙና ውሃ አጠብሁ፤ ካርቡራቶሩንም ፈታሁ። ቤንዚን የሚስበው ስስ ላስቲክ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ሆኖ ስላገኘሁት በአዲስ ለወጥሁት። በመጋዙ ላይ እንደ ተጻፈው 50 እጅ ቤንዚን ከ1 እጅ ዘይት ጋር ቀላቀልሁ፤ ያለ ዘይት ቢሠራ ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃልና። የሰንሰለቱንም ጥርሶች በክብ ሞረድ ሳልሁ።

ገመዱን ሦስት ጊዜ ብስብ ዝም አለ፤ በአራተኛው ጮኸ። ካንዴላው ግን በጥላሸት ጠቈረ። በዚህ ጊዜ የፊዚክስ ትምህርታችን ትዝ አለኝ፤ አገራችን ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ብሎኑን በጥቂቱ ባጠብቀው ድምፁ ጠራ።

አባቴ የመጀመሪያውን ግንድ ቈርጠው ወደ እናቴ ዞር አሉና፤ «ይኸውልሽ፤ ጊደሪቱ ወለደች» አሏት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ትምህርት ከደብተር ወጥቶ ቤት ሲገባ እንዲህ ደስ ያሰኛል።