ሐዋሳ ደርሰናል፣ አትጨነቁ

ለምትጠይቁኝ ሁሉ፦ አዎ፣ በሰላም ገብተናል። መኪናዋም አልቆመችብንም። ያሟረታችሁብን ሰዎች አልረሳኋችሁም።

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ይመቻል፤ ግን መቂን አሳጣኝ። ድሮ መስኮት ገና ዝቅ ሳይል ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ጭናችን ላይ ያርፍ ነበር፤ አሁን የሚታየው አጥር ብቻ ነው። ባቱ (እሺ፣ ዝዋይ፣ አባዬ እንዳይቆጣ) ወርደን ዓሣ አስጠበስን። አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ራሰ በራቸውን ይዘው ይንጎራደዳሉ። አንጀት ሲወረወርላቸው ግን ያ ሁሉ ክብር የለም!

ስለ ቢሾፍቱ ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም። እማዬ ሌሊት ተነስታ ድፎ ጋግራለች፤ ኮባው እንኳ ገና አልቀዘቀዘም። ሐይቁ ዳር ለመቀመጥ ሪዞርት መግባት ግድ ነውና መግቢያ ከፈልን። በሩ ላይ ጥበቃው፣ «እማማ፣ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።» እማዬ፣ «ልጄ፣ ይሄ ምን ምግብ ነው? ዳቦ እኮ ነው!» አይሆንም። ቆርሳ በሞቴ ብላ አጎረሰችው። ጎረሰ። ጣፈጠውም። ጎርሶም አላስገባንም! ፓርኪንግ ውስጥ ቆመን በላን። እሳተ ገሞራ የቆፈረውን ሐይቅ አጥሮ ለእኔ ትኬት የሚቆርጥልኝ ማነው? ሕዝብ ውሃውን በነፃ የሚያይበት አንድ ጥግ ይተው፤ ሌላ አልጠየቅንም።

ቢሾፍቱ ላይ ሐይቁ ታጥሮብኝ፣ አብያታ ላይ ደግሞ ሸሽቶ ጠበቀኝ። በተማሪነቴ አውቶቡሱ የቆመበት ቦታ ላይ ሆነን ፍላሚንጎ ይታየን ነበር። ዛሬ ነጩ መሬት ላይ መኪናዋን ነዳናት፣ ነዳናት፣ ውሃው አይቀርብም። አብሮን የወረደው የፓርኩ ስካውት ጎማችን ሥር እያሳየን «እዚህ ውሃ ነበር» አለ። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከራሱ ከሐይቁ እየሳበ፣ ጨዋማነቱ በርትቶ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ የሚፈለፍሉት ጎረቤት ሻላ ደሴቶች ላይ ነው፤ ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ ለእነሱ የሚሆን ዓሣ ግን የለውም። እየበረሩ የሚመገቡት አብያታ ነበር። አሁን ወዴት ይብረሩ? ፓርክ ብለን ከልለን፣ ውሃውን ግን ከውስጥም ከውጭም ጨረስነው። ይሄ ያናድደኛል፣ ከድፎው በላይ። ላንጋኖን በግራ ስናልፈው እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ማታ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ሾርባ ፊታችን ቀርቦ ወንድሜ፣ «አንቺ ደግሞ ልትዝናኚ ነው የመጣሽው ወይስ ወፍ ልትቆጥሪ?» አለኝ። አኩርፌዋለሁ። ነገ እስከ አርባ ምንጭ ከኋላ ነው የምቀመጠው።