አባያ የገባ መስኮት

እኔ መስኮት መክፈት እንጂ መዝጋት አልተማርኩም። የቤቱን ማለቴ አይደለም፤ አርባ ምንጭ እየኖረ የቤቱን መስኮት ማታ ያልዘጋ ሰው ካለ፣ የወባ ትንኟ ራሷ ታስተምረዋለች። የኮምፒውተሩን ነው የምላችሁ።

ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ አለችኝ። ራሟ 4 ጂቢ ብቻ ነው። ለእንጀራዬ የምተይበው የሰው ማመልከቻ፣ ለቢሮ የማደርሰው ሪፖርት፣ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝ ፊልም፣ ከዛሬ ነገ እጨርሰዋለሁ ያልኩት ጽሑፍ… ሁሉም እዚያች ስክሪን ላይ ይጋፋሉ። የሲቀላን ገበያ በገበያ ቀን አይታችሁ ከሆነ፣ እሱን አስቡት።

አንድ ወዳጄ ይህን ትርምስ አየና አዘነልኝ። "ኮንትሮልንና የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ያዝና ዲን ንካ" አለኝ። ነካሁ። ስክሪኑ ጸዳ! ሁሉም ነገር የጠፋ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ አዲስ ዴስክቶፕ ነው የተከፈተው። የቀድሞው ከነትርምሱ በስተግራ ቁጭ ብሏል። እነዚያኑ ሁለት ቁልፎች ይዞ የግራ ወይም የቀኝ ቀስቱን መንካት ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ኦስቲን ሄንደርሰንና ስቱዋርት ካርድ የሚባሉ የዜሮክስ ተመራማሪዎች ሰው በጠባብ ስክሪን ላይ መስኮት ሲያገላብጥ ጊዜው እንደሚያልቅ አይተው፣ "ሩምስ" ማለትም "ክፍሎች" የሚል ሥርዓት አቀረቡ። ለየሥራው አንድ ክፍል፣ ለየክፍሉም በር። በዚያው ዓመት ነው የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው። ክፍሎቹ ግን በዊንዶውስ ውስጥ አብረው ተሠርተው እኛ ዘንድ እስኪደርሱ እስከ ዊንዶውስ 10፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 መጠበቅ ነበረብን።

እኔም አራት ክፍል ሠራሁና ስም አወጣሁላቸው። ገንዘብ የሚያመጣው ሥራ "ሲቀላ" ሆነ። የቢሮ ወረቀት "ሴቻ" ወጣ፤ ቢሮው ያለው እዚያ ነዋ! ፊልምና ጨዋታ "ጫሞ" ተባለ፤ ውሃው ያምራል፣ ግን አዞ አለበት፤ የገባ ቶሎ አይወጣም። የቀረው ያላለቀ ነገር በሙሉ "አባያ" ገባ። አባያ ደለል የበዛበት ቡናማ ውሃ ነው። ታቹ ያለው አይታይም።

ከሲቀላ ሴቻ ለመውጣት ባጃጅ መጠበቅ ቀረ። ሦስት ቁልፍ ብቻ። ኮራሁ። ለሰውም አስተማርኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጨንቻ የሚኖር ሽማግሌ አጎት አለኝ። ለሕክምና ወርዶ እኛ ቤት ሰነበተና ሦስት ማታ አወራኝ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበርክከው የመለሷቸውን ቀን አጎቴ በዓይኑ አይቷል። ወሬው አገር አዳርሷል፤ እሱ ግን ማን ከማን አጠገብ እንደተንበረከከ ሳይቀር ነበር የሚያወራው። "ድምፄን አትቅዳ፤ ጻፈው" ስላለኝ፣ በጋሞኛ ሲነግረኝ እኔ በአማርኛ ኖትፓድ ላይ ተየብኩት። አምስት ገጽ ያህል ሆነ። "አስተካክለዋለሁ" ብዬ አባያ ከተትኩት።

ስም ሰጥቼ ሴቭ አላደረግኩትም። በሄድኩ ቁጥር እዚያው ተከፍቶ ስለማገኘው የተቀመጠ መሰለኝ። ላፕቶፗን ደግሞ አልዘጋትም፤ ክዳኗን ብቻ ነው የምገጥመው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ባትሪዋ ጥቂት ደቂቃ ይዞ ድንገት ድርግም የሚል ነው። ጠዋት ስከፍታት አራቱም ክፍሎች ከነስማቸው ተደርድረው ጠበቁኝ። ሲቀላ አለ፣ ሴቻ አለ፣ ጫሞ አለ፣ አባያም አለ። ውስጣቸው ግን ምንም የለም። የሲቀላውና የሴቻው ፋይል ሴቭ ስለተደረገ ተመለሰ። የአባያው ቀረ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወደ ሌላ ዴስክቶፕ ያሻገሩት መስኮት አልተዘጋም፤ ራሙን እንደያዘ ነው። አልተቀመጠምም። ከዓይን ብቻ ነው የራቀው። እኔ ቤቴን ያጸዳሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የማላየው ጓዳ ነው የሠራሁት።

ጨንቻ ወጣሁ። ጉሙ መሀል አጎቴ ፊት ተቀምጬ ተናዘዝኩ።

"የት አድርገኸው ነበር?" አለኝ።

"አባያ ውስጥ፣ ጋሼ" ብዬ የስሙን ነገር አስረዳሁት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና "ዱቡሻ ላይ የወጣ ነገር ሳይቋጭ ማን ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል?" አለኝ። ዱቡሻ በጋሞ ሰው ተሰብስቦ ነገሩን የሚፈታበት አደባባይ ነው። ጓዳ የለውም።

እንደገና ነገረኝ። በዚህኛው ሁለት ገጽ ሆነ። መጀመሪያ በስም ከጠራቸው ሰዎች ሁለቱ ጠፉበት። "ሌላም ሰው ነበረ…" ብሎ ጣራ ጣራውን አየና አለፈ። እኔም ስማቸውን አላስታወስኩትም። በእጄ የተየብኩት እኔ፣ አላስታወስኩትም!

ዛሬም አራቱ ክፍሎች አሉኝ፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ግን ማታ ማታ ላፕቶፗን ከመክደኔ በፊት የዊንዶውሱን ቁልፍና ታብን እነካለሁ። አራቱም ስክሪኑ ላይ በአንዴ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱን "አንተስ? ምን ቀረህ?" እላለሁ። የእኔ ዱቡሻ ይቺ ናት።

የአጎቴን ሁለት ገጽ ሴቭ አድርጌ፣ በፍላሽም ገልብጬ፣ ሲቀላ አምጥቼዋለሁ፤ ገበያው መሀል። የሰው ማመልከቻ ስተይብ ዓይኔ ይገባል። ሥራዬን ይረብሸኛል።

ይረብሸኝ።